የአንካራን የኩርድ ፖሊሲ ከምርጫው ለይቶ ማየት አይቻልም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

የቱርክን የሶርያ ዘመቻዎች ከድንበር ደኅንነት አንፃር ብቻ የተነተነው ጽሑፋችሁ የአንካራን የውስጥ ፖለቲካ ስለዘለለ ጎደሎ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በጁን 2015 ምርጫ የኩርዶች ድምፅ የተሰባሰበበት የሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ 13 በመቶ ድምፅና 80 መቀመጫ በማግኘቱ፣ የኤርዶጋን ፓርቲ ከ2002 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የፓርላማ አብላጫውን አጣ፤ በጁላይ ከኩርዶች ታጣቂ ድርጅት ከፒኬኬ ጋር የነበረው የሰላም ሂደት ፈረሰ፣ በኖቬምበር ድጋሚ ምርጫም አብላጫው ተመለሰ። ኤርዶጋን ከብሔርተኛው ዴቭሌት ባህቼሊ ጋር በተቆራኙባቸው በቀጣዮቹ ዓመታት ጦሩ በሰሜን ሶርያ በኩርድ ታጣቂዎች ሥር የነበረችውን አፍሪንን ያዘ።

ሆኖም በ2007 ኤርዙሩም ላይ፣ በሰልፍ መካከል፣ የታሰረው የፒኬኬ መሥራች ኦጃላን እንዲሰቀል ገመድ የወረወሩት እኚሁ ባህቼሊ፣ በኦክቶበር 2024 በፓርላማ ወደ ኩርድ እንደራሴዎች ሄደው እጃቸውን ጨበጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ኦጃላን ራሱ ፓርላማ ገብቶ ድርጅቱ መፍረሱን ያውጅ አሉ። (ገመዱን የሚያስታውስ ሰው ዓይኑን ሳያሽ አይቀርም።) በጁላይ 2025 የፒኬኬ ታጣቂዎች በሰሜን ኢራቅ ሱለይማኒያ አቅራቢያ ጠመንጃቸውን በእሳት አቃጠሉ።

የሶርያ ሁኔታ መለወጡ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ኤርዶጋን ዳግም ለመወዳደር ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ወይም ምርጫው ቀድሞ እንዲጠራ ያስፈልጋቸዋል፤ ለዚህም ከ600 እንደራሴዎች ቢያንስ የ360ው ድምፅ ግድ ስለሆነ፣ የኩርድ እንደራሴዎች ድምፅ ዋጋው ከፍ ብሏል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ