ኪልት የሚለብስ ሰው ለሸሚዙም ይጨነቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከሁለት ሳምንት በፊት በጋዜጣዎ የአለባበስ ዓምድ ላይ አንድ አንባቢ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ጠያቂው ስኮትላንድ ውስጥ በሚደረግ የሥራ ባልደረባው ሠርግ ላይ ኪልት፣ ማለትም የስኮትላንድ ወንዶች ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን ባለ ሽንሽን የሱፍ ልብስ፣ ለብሶ እንዲገኝ መጋበዙን፣ ለሠርጉ ዕለት የሚያስፈልገውን ሙሉ ልብስ ኪራይ ቤቱ እንደሚሰጠው ገልጾ፣ በማግስቱ መስክ ላይ ለሚደረገው የምሳ ግብዣ ግን ያንኑ ኪልት ያለ ኮትና ያለ ከረባት ሲለብሰው ምን ዓይነት ሸሚዝ እንደሚስማማው ለማወቅ ፈልጓል። የዓምዱ አዘጋጅ የሰጡት መልስ «ለጉርድ ቀሚሱ ማንኛውም ነጭ ሸሚዝ ይበቃዋል» የሚል አንድ መስመር ነው። እኔ ኤድንብራ ውስጥ ኪልት በሚያከራይና በሚያስተካክል ሱቅ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ይህ መልስ ጠያቂውን ሰው ፊት ያሳፍረዋል ብዬ ስለማምን፣ ዝም ብዬ ማለፉ አልሆነልኝም።

ስሕተቱ የሚጀምረው «ጉርድ ቀሚስ» ከሚለው ስያሜ ነው። ስሙ ያስቀይማል ብዬ አይደለም፤ ልብሱ ሰውነት ላይ የት እንደሚያርፍ ስለሚያሳስት ነው። ከእኛ አገር ልብስ ለኪልት የሚቀርበው ወንዶች የሚያገለድሙት ሽርጥ ቢሆንም፣ ሽርጥ እንኳ ዳሌ ላይ ይታሰራል እንጂ እንደ ኪልት ወደ ላይ አይወጣም። ኪልት የሚታሰረው እምብርት አካባቢ ሲሆን፣ ታችኛው ጫፉ ጉልበት መሐል ላይ ይቆማል። ሙሉው የወንድ ኪልት 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ የሱፍ ጨርቅ ይፈጃል። ከፊት ሁለት ዝርግ ክፍሎች ይደራረባሉ፤ የቀረው ጨርቅ በሙሉ ከኋላ ተሸንሽኖ፣ ሽንሽኑ ከወገብ እስከ ዳሌ ድረስ በእጅ ይሰፋል፤ ጎንና ጎኑ ላይ ባሉት የቆዳ ማሰሪያዎችም በዘለበት ይጠብቃል። እንግዲህ ሸሚዝ የሚመረጠው ይህን ከፍ ብሎ የታሰረና ከኋላው የከበደ ልብስ አስቦ ነው።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በጋ ላይ የሱቁ ሠራተኞች መናፈሻ ውስጥ ባዘጋጁት ግብዣ ላይ፣ አዲስ አበባ ሳለሁ ከጂንስ ጋር እንደማደርገው ሁሉ፣ ሸሚዜን ወደ ውጭ ለቅቄ ኪልት ለብሼ ሄድኩ። ሸሚዙ ቀበቶውን ሸፍኖ የሽንሽኑን ስፌት ዋጠው፤ ከፊት የሚንጠለጠለው ስፖራን የተባለው የቆዳ ቦርሳም ግማሹ ከሸሚዙ ጫፍ ሥር ተደበቀ። በዚያን ዕለት የተነሣሁት ፎቶግራፍ ላይ ወገብ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ እግሬም በአንድ ስንዝር ያጠረ ይመስላል። ሽማግሌው የሱቃችን ሰፊ አንድ ቃል ሳይናገሩ ቀረቡኝና የሸሚዙን ጫፍ በሁለት እጃቸው ዙሪያውን ወደ ውስጥ ከተቱት፤ ቀበቶውንም በአንድ ቀዳዳ አጠበቁልኝና ትከሻዬን መታ አድርገው ወደ ቢራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሸሚዝ ለቅቄ ኪልት ለብሼ አላውቅም።

ስለዚህ ሸሚዙ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው፤ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ስፋቱና ርዝመቱ ሊታሰብበት ይገባል። ኪልቱ ወገብን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ከመጠን በላይ ሰፊ የሆነ ሸሚዝ ከቀበቶው በላይ እንደ ፊኛ ይነፋል። ወደ ውጭ ተለቅቆ እንዲለበስ ታስቦ የተሰፋ፣ ታችኛው ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አጭር ሸሚዝ ደግሞ እጅ ሲነሣ ተጎትቶ ይወጣል፤ በስኮትላንድ ግብዣ ላይ ኬይሊ የሚባለው የወል ጭፈራ ከተጀመረ እጅ ሳያነሡ ማምለጥ አይቻልም። ፊትና ኋላው ረዘም ብሎ ጎን ጎኑ የተጎረደ ሸሚዝ ይመረጣል። በነገራችን ላይ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የወንድ ሸሚዝ እስከ ጭን የሚደርስ ነበርና እንደ ውስጥ ልብስም ያገለግል ነበር፤ ከኪልት ሥር ምን ይለበሳል እያሉ ለሚሳሳቁ ጓደኞቼ ሁልጊዜ የምሰጣቸው መልስ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ነጩ ሸሚዝ ልምጣ። ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። ስስና አንጸባራቂ የሆነ፣ ኮሌታው እንደ ካርቶን የደረቀ የከረባት ሸሚዝ ያለ ከረባትና ያለ ኮት ከኪልት ጋር ሲለበስ፣ ባለቤቱን ፈረቃውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ አስተናጋጅ ያስመስለዋል። ከባድ ሱፍ ከላዩ ስስና የሚያብለጨልጭ ነገር አይወድም፤ ወፈር ያለ ጥጥ፣ ሊነን፣ ሲበርድም ፋኔላ ነው የሚስማማው። ነጩ ከእነዚህ ጨርቆች የተሰፋ፣ ኮሌታው ለስለስ ያለ ሸሚዝ ቢሆን ኖሮ የአዘጋጁን ምክር እኔም በደስታ እቀበለው ነበር።

ዳሩ ግን በነጭ መወሰን ለምን አስፈለገ? የኪልቱ ጨርቅ፣ ታርታን የሚባለው፣ በውስጡ ብዙ ቀለም አለው፤ ምርጫውም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። እናቶቻችን የሀገር ልብስ ሲያሰፉ ለባልየው የሚሆነውን ሸሚዝ ከጥለቱ ቀለማት መካከል እንደሚመርጡ፣ ያም ጎልቶ ከሚታየው ይልቅ በስሱ የገባው ቀለም ሲሆን ይበልጥ እንደሚያምር አንባቢዎችዎ ያውቃሉ። ለታርታንም ሕጉ ይኸው ነው። ለምሳሌ በቀይ መደብ ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ነጭ መስመሮች ያሉበትን ሮያል ስቱዋርት የተባለውን ታርታን የለበሰ ሰው ቀይ ሸሚዝ ከደረበበት ከእግር እስከ አንገት አንድ እሳት ይሆናል፤ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ክሬም ሸሚዝ ግን ቀዩን ያረጋጋዋል። ብላክ ዎች የሚባለው በአንጻሩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር የተዋሐዱበት ጭምት ጨርቅ ስለሆነ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊም ሆነ የሰናፍጭ ቢጫ ይችላል፤ ጥቁር ሸሚዝ ከተደረበበት ግን የኀዘን ልብስ ይሆናል። የጎርደን ታርታን ከብላክ ዎች የሚለየው በመሐሉ በሚያልፈው ቀጭን ቢጫ መስመር ነው፤ ያቺን ቢጫ አደብዝዞ በሸሚዝ መልክ ወደ ላይ ማምጣት እጅግ ያምራል። እኔ ለደንበኞቼ ኪልቱንና ሸሚዙን ከሱቁ መብራት አውጥቼ መስኮት አጠገብ አነባብራቸዋለሁ፤ ከዚያም ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው እንዲያዩ እጠይቃቸዋለሁ። ቀድሞ ዓይን ውስጥ የገባው ሸሚዙ ከሆነ ሸሚዙ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ስለ ዳማ ሸሚዝ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ታርታን ራሱ መስመር በመስመር የተሠራ ስለሆነ፣ ከላዩ ሌላ ዳማ ወይም አበባ ሲጨመርበት ሁለት አዝማሪ በአንድ ጊዜ እንደመስማት ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ በቱሪስት መደብሮች «ጃኮባይት» እየተባለ የሚሸጠው፣ ደረቱ ላይ በቁልፍ ፋንታ እንደ ጫማ በክር የሚታሰረው ሸሚዝ ነው። ጠያቂው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርብለት ይኸው እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ። በልኩ የተሰፋ ከሆነ ለምሽት ጭፈራ አይከፋም፤ ሥራችንም እሱን ማከራየትን ይጨምራልና እንጀራዬን አልረግምም። ነገር ግን ቀትር ላይ፣ ሜዳ ውስጥ፣ ሙሽራውና ወንድሞቹ ተራ ሸሚዝ ለብሰው ሳለ እንግዳው ብቻውን የጥንት ተዋጊ መስሎ ቢመጣ፣ ክብር መስጠቱ ቀርቶ ቴያትር ይሆንበታል።

ኪልትን ያለ ኮትና ያለ ከረባት መልበስ ባህሉን መናቅ ይሆናል ብሎ የሚሰጋ አንባቢ ካለም ሥጋቱ ከንቱ ነው። ኪልት የሃይላንድ፣ የውሃውን ፕላስቲክ ሳይሆን የሰሜን ስኮትላንዱን ተራራማ አገር ማለቴ ነው፣ የዘወትር ልብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1746 የለንደን መንግሥት አመፅ ካደቀቀ በኋላ፣ ከወታደሮች በቀር ወንዶች ይህን ልብስ እንዳይለብሱ በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። ዛሬ የምናየው የክብር አለባበስ የጎላው ደግሞ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ በ1822 ኤድንብራን ሲጎበኙ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባሰናዱት የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ላይ ባላባቶቹ በሙሉ ልብስ እንዲሰለፉ ከተደረገ ወዲህ ነው። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ጀርመንን ያጥለቀለቁት የስኮትላንድ ደጋፊዎችም ኪልታቸውን ከብሔራዊ ቡድናቸው ማልያና ከቦት ጫማ ጋር ነበር የለበሱት፤ በመክፈቻው 5 ለ 1 ቢሸነፉም በአለባበሳቸው ያፈረባቸው አልነበረም። ማልያ ለስታዲየም ነው፤ ለሠርግ ማግስት ምሳ ግን ጥሩ ሸሚዝ፣ ቢበዛም ጽሑፍ የሌለበት ፖሎ ይሻላል።

ጠያቂው የኪልቱን ታርታን አልጠቀሰም። ስሙን ኪራይ ቤቱን ጠይቆ ለዓምዱ ቢጽፍ፣ የሚስማማውን ቀለም በደስታ እጠቁመዋለሁ። እስከዚያው ግን እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ እንዲገዛ እመክረዋለሁ፤ ሙቀት ከሆነ እስከ ክርኑ ይጠቀልለዋል፤ ምሽት ላይ ደግሞ በተለይ በምዕራቡ ሃይላንድ ሚጅ የሚባሉት ዓይን የማይሞሉ ተናካሽ ዝንቦች ሲወጡ ይዘረጋዋል። እግሩን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ወፍራም ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ሥር ይሳበው። ሠርጉ በነሐሴ ቢሆን እንኳ አንድ ድፍን ቀለም ያለው የሱፍ ሹራብ በሻንጣው ይያዝ፤ እዚህ ነሐሴ በጋ ነው ይባላል እንጂ፣ እኔ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በነሐሴ ማሞቂያ አብርቼ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢዎ
ኤድንብራ፣ ስኮትላንድ