ፖሊሱ ከመኪናው ይውረድ

ለአዘጋጁ፦

በአደባባዮችና በመናፈሻዎች የሚፈጸመውን አዋኪ ድርጊት ለመግታት የፖሊስ የመኪና ቅኝት ይጠናከር የሚለውን ጽሑፋችሁን አንብቤዋለሁ፤ በመፍትሔው ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ በተካሄደ ሙከራ፣ የመኪና ቅኝቱ በአንዳንድ ቀጠናዎች ተጨምሮ በሌሎች ቢቀርም፣ በወንጀሉም ሆነ በነዋሪው ስጋት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በዚያው በአሜሪካ፣ በኒውአርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የእግር ጥበቃ (ፖሊስ በእግሩ እየተዘዋወረ የሚጠብቅበት አሠራር) ሲሞከር ደግሞ፣ ወንጀሉ ባይቀንስም (ይህ ሊሸሸግ አይገባም) የነዋሪው ፍርሃት ቀንሷል።

ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም። በመኪና መስኮት የሚያይ ፖሊስ በመናፈሻው አግዳሚ ወንበር ላይ የተሰበሰቡትን ወጣቶች በጅምላ «አዋኪ» ይላቸዋል፤ በእግሩ የሚመላለሰው ግን ጠርሙስ የሚሰብረውንና አላፊ አግዳሚውን የሚሳደበውን፣ መሄጃ አጥቶ ከተቀመጠው ለይቶ ያውቃል። ይህ እውቀት ጊዜ ይጠይቃል፤ ፖሊሱ ሰፈሩን በለመደ ማግስት ከተዛወረ ሁሉም እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰፈር ቢያንስ ለሁለት ዓመት የማይቀያየሩ የእግር ጥበቃ ፖሊሶች ይመደቡ፤ ምሽት ላይም ይሰማሩ፤ በየወሩ ከነዋሪው ጋር እየተገናኙ የቀረበላቸውን አቤቱታና የወሰዱትን እርምጃ በጽሑፍ ያሳውቁ።

አንድ አንባቢ