ለአማርኛ አንባቢ ታብሌት ይሻላል ወይስ ኢ-ሪደር?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ታብሌትና ስለ ኢ-ሪደር የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ታብሌት ሁሉን ስለሚሠራ ለንባብ ብቻ ሌላ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ብለዋል። ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ምክሩ ለብዙ ሰው ልክ ይመስላል። እኔ ግን የምስማማው በግማሹ ነው። ጸሐፊው ስለ ዕቃዎቹ በደንብ ጽፈዋል፤ በዕቃዎቹ ላይ ስለምናነበው የአማርኛ መጽሐፍ ግን አንድም ቃል አላነሱም። ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ሥራዬ መጽሐፍ ማረም ነው። ደራሲዎችና አሳታሚዎች ረቂቅ ይልኩልኛል፤ አነባለሁ፣ አርማለሁ፣ እመልሳለሁ። ባለ 10 ኢንች ታብሌት አለኝ። ወንድሜ ከሜሪላንድ የላከልኝ ባለ 6 ኢንች ኢ-ሪደርም አለኝ። ሁለቱንም በየቀኑ እጠቀማለሁ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራልኝም።

ኢ-ሪደሩን ብዙ ሰው በእጁ ይዞት ስለማያውቅ ከእሱ ልጀምር። ስክሪኑ ኢ-ኢንክ ይባላል፤ ከስልክም ከታብሌትም ይለያል። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ እንክብሎች አሉ። በየእንክብሉ ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ። ኤሌክትሪክ ሲያገኛቸው ጥቁሩ ወይም ነጩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፊደሉ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። ገጹ አንዴ ከወጣ በኋላ እዚያው ለመቆየት ኃይል አይፈልግም። ባትሪው በዋናነት የሚሠራው ገጽ ሲገለጥ ነው። ስለዚህ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታብሌቴ ቀን ከሠራሁበት ማታ ባትሪው ያልቃል። ያን ሰዓት መብራት ከሌለ ንባቡ እዚያው ቀረ ማለት ነው።

ብርሃኑም ሌላ ነው። ታብሌት ከኋላው እያበራ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን ይልካል። ኢ-ኢንክ ልክ እንደ ወረቀት ያለበትን ቦታ ብርሃን ነው መልሶ የሚያሳየው። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላችሁ ታብሌት ብትከፍቱ ከጽሑፉ ይልቅ የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩት። ኢ-ሪደሩ ፀሐይ ላይ ይበልጥ ይጎላል። ለማታ የሚሆን መብራት ያላቸው ኢ-ሪደሮችም ብርሃኑን ከጠርዝ በገጹ ላይ ያፈሱታል እንጂ ከኋላ አያበሩትም። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከመኝታ በፊት በአይፓድ ያነበቡ ሰዎች የወረቀት መጽሐፍ ካነበቡት ዘግይተው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አሳይቷል። የተጠኑት ሰዎች 12 ብቻ ስለነበሩ ብዙ አልደገፍበትም። ግን ማታ ማታ ቀን የሠራሁበት ስክሪን ላይ መልሼ ማፍጠጥ አልፈልግም።

እናቴንም ላንሳ። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ መነጽሩም እንደ ድሮው አልረዳት ብሏል። የጸሎት መጻሕፍት ደግሞ ኪስ እንዲገቡ ሲባል ፊደላቸው በጣም ደቃቅ ነው። ዳዊቱን በትክክል ከተተየበ ፋይል ወደ ኢ-ሪደሩ አስገባሁላትና ፊደሉን አተለቅኩት። በአንድ ገጽ የሚመጣው ጥቂት መስመር ነው፤ እሷ ግን ያለ ማንም እርዳታ ትደግማለች። ጫፉን ነካ ስታደርገው ይገለጥላታል። በታብሌቱም ሞክረነው ነበር። መሀል ላይ መልእክት ከላይ ዱብ ይላል፤ ወይም ጣቷ ሲያርፍበት ሌላ ነገር ይከፈታል። ትደነግጣለች። «ምን ነካሁ ልጄ?» ትለኛለች። ክብደቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ባለ 6 ኢንች ኪንድል፣ ማለትም የአማዞን ኢ-ሪደር፣ 158 ግራም ነው። ባለ 10 እና ባለ 11 ኢንች ታብሌቶች ብዙዎቹ ግማሽ ኪሎ ይጠጋሉ። እጇን ለሚያማት ሴት ይህ ልዩነት ጸሎቱን በመጨረስና በማቋረጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ታብሌት ሁሉን ይሠራል ለሚሉት ጸሐፊ ይህን እንዲያስቡበት እለምናቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። አንድ ሰው ኢ-ሪደር አገኘ እንበል። ከቴሌግራም ያወረደውን የአማርኛ መጽሐፍ ይጭንበታል። ሲከፍተው ምን ያገኛል? አብዛኛውን ጊዜ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ነው ማለት ነው። የመጽሐፉ ሙሉ ገጽ በ6 ኢንች ውስጥ ሲጨመቅ ፊደሉ የጉንዳን ያህል ይሆናል። ፊደሉን ላተልቅ ቢል አይሆንም፤ ማሽኑ የሚያየው ሥዕል እንጂ ፊደል አይደለም። ሥዕሉን ራሱን ቢያጎላው ደግሞ መስመሩ ከስክሪኑ ያልፋል። ወደ ቀኝ መግፋት፣ ወደ ግራ መመለስ፣ ወደ ታች መውረድ ይመጣል። ኢ-ኢንክ ለእንዲህ ያለ ነገር ቀርፋፋ ነው፤ በተገፋ ቁጥር ገጹ ብልጭ ድርግም ይላል። ሰውየው ሁለት ገጽ ሳይጨርስ ይሰለቸዋል። ዕቃው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። በዚህ ሥራ ታብሌቱ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። በሁለት ጣት ከፈት ሲያደርጉት ይጎላል፤ ገጹም ሰፊ ነው። ባለ 10 ኢንች ኢ-ሪደሮች አሉ፤ እነሱ ፒዲኤፉን ይችሉታል። ዋጋቸው ግን ከመካከለኛ ታብሌት በላይ ነው።

ስካን ያልሆኑት ፒዲኤፎችም ሁሉም ደህና አይደሉም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው ነበር አማርኛውን የሚያሳዩት። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ ጸሐፊዎችና ማተሚያ ቤቶች በለመዱት ቀጠሉ። ዛሬም ከነዚህ የቆዩ መጻፊያዎች አንዱ በሆነው በቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ ረቂቅ ይመጣልኛል። ወረቀት ላይ ሲታተም ምንም እንከን የለውም። ጽሑፉን ገልብጣችሁ ወደ ሌላ ፋይል ስትወስዱት ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ኢ-ሪደር ፊደሉን አተልቆ መስመሩን እንደገና ሊደረድረው ሲሞክር የሚያገኘው ይህንኑ ዝብርቅርቅ ነው። መፈለጊያው ላይ የአማርኛ ቃል ብትጽፉ አያገኘውም። አንድን ሙሉ መጽሐፍ ከዚህ ወደ ዩኒኮድ አስተካክሎ ማዞር ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ አውቀዋለሁ። ማዞሪያ ፕሮግራም ቢኖርም የሆነ ቦታ አንድ ፊደል፣ የሆነ ቦታ አንድ ነጥብ ይስታል። ከሽፋን እስከ ሽፋን እንደገና መታረም አለበት።

በዩኒኮድ የተተየበና ኢፐብ በሚባለው የፋይል ዓይነት የተዘጋጀ መጽሐፍ ስታገኙ ነው የኢ-ሪደሩ ጥቅም የሚገባችሁ። ፊደሉ እንደ ዓይናችሁ አቅም ያድጋል፣ ያንሳል። ኮቦ የሚባለው ኢ-ሪደር ኢፐብን በቀጥታ ይከፍታል። ኪንድልም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋይሉ በአማዞን በኩል ሲላክለት ይቀበላል። ፊደሉ ባዶ ሣጥን እየሆነ የሚያስቸግራችሁ ካለ፣ አቢሲኒካን ወይም ኖቶን የመሰለ ነፃ የግዕዝ ፎንት አውርዳችሁ ዕቃው ውስጥ ባለው የፎንት ፎልደር አስገቡት። ኮቦም ኪንድልም ይቀበሉታል። አንድ የአራሚ ምክርም ልጨምር። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው። ጠባብ ስክሪን ላይ መስመሩ ግራና ቀኝ እኩል ይሁን ከተባለ በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይመጣል፤ ዓይንም ይደክማል። ከማስተካከያው ውስጥ በግራ ብቻ እንዲሰለፍ አድርጉት። ንባቡ ወዲያው ይቀላል።

ለልጆችና ለተማሪዎች ታብሌት ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። የመማሪያ መጻሕፍቱ ባለ ቀለም ሥዕል፣ ካርታና ሠንጠረዥ ያለባቸው ትልልቅ ፒዲኤፎች ናቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ስላልተዳረሰ ብዙ ተማሪ በሶፍት ኮፒ ነው የተማረው። ያን ጥቁርና ነጭ በሆነ ባለ 6 ኢንች ስክሪን ላይ ማየት አይቻልም። የኢ-ሪደር ስክሪን በቀላሉ እንደሚሰበርም ልብ በሉ። ወርልድሪደር የተባለው ድርጅት ጋና ውስጥ ለተማሪዎች ኪንድል ሲያድል ትልቁ ራስ ምታቱ የስክሪን መሰበር ነበር።

የግዢው ነገርም ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ርካሹ ኢ-ሪደር እንኳ በዚህ ምንዛሪ ሲሰላ ውድ ነው። ስለዚህ ዘመድ ካልላከላችሁ ተበድራችሁ ግዙ አልልም። ዘመድ «ምን ልላክልሽ?» ሲል ግን ታብሌት ከማለታችሁ በፊት ያሏችሁን ፋይሎች ክፈቷቸው። ስካን ከሆኑ ታብሌቱን ጠይቁ። እንግሊዝኛ ልቦለድ የምታነቡ ከሆነ፣ ወይም በዩኒኮድ የተተየበ ጽሑፍ ካላችሁ፣ ኢ-ሪደሩን ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የአሳታሚዎቻችን ጉዳይ ነው። እኔ አርሜ የምመልሰው ረቂቅ አሁን አሁን አብዛኛው በዩኒኮድ ነው። ንጹሕ ፋይሉ አሳታሚው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ ኢፐብ ማውጣት ለሚያውቅ ሰው ከባድ ሥራ አይደለም። ግን አይወጣም። የሚፈሩት መሰረቅን ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኔም የምኖረው ከመጽሐፍ በሚገኝ ገንዘብ ነው። ወራት የፈጀብኝ መጽሐፍ ገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስካኑ በቴሌግራም ሲዞር ሳይ ያመኛል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ሌባው የአሳታሚውን ፋይል አልጠበቀም። አንድ ወረቀት ቅጂ ገዝቶ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። ኢፐብ ባለመሸጡ የተጎዳው መክፈል የሚፈልገው አንባቢ ነው።

ወንድሜ ከነዚህ አንባቢዎች አንዱ ነው። አዲስ መጽሐፍ ወጣ ሲባል «ሰው ሲመጣ ላኪልኝ» ይለኛል። ሰው ሲሄድ ደግሞ ሻንጣው በበርበሬና በሽሮ ሞልቷል፤ ኪሎ ተቆጥሮ መጽሐፉ ይቀራል። ዲሲ፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ፣ ሎንዶን እንደ እሱ የሚጠብቅ ስንት ሰው አለ። በካርዱ ከፍሎ በደቂቃ ውስጥ ቢያነበው ደስታውን አይችለውም። ገንዘቡም ለደራሲው ይደርሳል። አሳታሚዎች በሁለት በሦስት መጽሐፍ እንኳ ቢሞክሩት ምን ይጎዳቸዋል? የሚሸጡትንም ፋይል ገዢው በፈለገው ዕቃ እንዲያነበው ነፃ አድርገው ይስጡት። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን ሰዎች የገዙትን መጽሐፍ ከኪንድላቸው ላይ ሰርዞ ነበር፤ በየካቲት 2025 ደግሞ የገዙትን በኮምፒውተር አውርዶ በገመድ የማስተላለፊያውን መንገድ ዘጋው። እኛ ገና ስንጀምር ከዚህ እንማር።

ፈቃድ የማይጠይቁ መጻሕፍትም አሉን። በአዋጁ መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ደራሲው በሕይወት እያለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። የእሳቸውን ሥራዎችና የዘመነኞቻቸውን ዛሬ የምናገኘው ግን በደበዘዘ ስካን ነው፤ ግማሹ ገጽ ጠርዙ ተቆርጧል። እነዚህን በዩኒኮድ ተይቦ፣ አርሞ፣ በኢፐብ በነፃ መልቀቅ ይቻላል። ወመዘክርና አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ የአማርኛ ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ቢያስቡበት ምኞቴ ነው። የሚተይቡ ወጣቶች ከተገኙ ማረሙን እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ለሥራው ፈቃደኛ የሆነ አንባቢ ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይጻፍ፤ አድራሻዬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ስለላክሁ ታገናኙናላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመጻሕፍት አራሚ
አዲስ አበባ፣ ጀሞ