ሰዓቱ ሳያልቅ ወረቀቱን አታስረክቢ

ጂማ፣ ሰኔ

ለምወድሽ ልጄ ለሚሚ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አንቺ ከጎን ባለው ክፍል ተኝተሽ፣ እናትሽ ደግሞ ነገ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይዘሽው የምትገቢውን ሻንጣ ለሦስተኛ ጊዜ ፈትታ እንደገና እያሰረች ሳለ ነው። ቤታችን ከግቢው በባጃጅ የሩብ ሰዓት መንገድ ሆኖ ሳለ እንደ ሩቅ አገር እንግዳ እዚያ ማደርሽ ለእርሷ አልዋጥላት ብሏል፤ ነገር ግን ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው እንዲሰጥ የተደረገው ኩረጃን ለመከላከል ነውና፣ ለፍቶ ላጠና ልጅ የሚበጅ ሥርዐት ይመስለኛል። ፊት ለፊት ልነግርሽ ያልቻልሁት ነገር ስላለ በጽሑፍ አደረግሁት። ማደሪያሽ ውስጥ አንብቢውና እዚያው ተዪው፤ ወደ ፈተናው አዳራሽ ቁራጭ ወረቀት እንኳ ይዘሽ እንዳትገቢ።

ባለፈው ሳምንት የሒሳብ መምህርሽ ጠርተውኝ የሞዴል ፈተናሽን አሳዩኝ። አንቺ ለእኛ “ደህና ነው” ብለሽ ያለፍሽው ውጤት ከ65 ጥያቄ 34 መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ያስቆጣኝ ግን ውጤቱ ሳይሆን መምህሩ ቀጥለው የነገሩኝ ነው፤ ለ3 ሰዓት የተመደበውን ፈተና በ2 ሰዓት ጨርሰሽ፣ ከክፍሉ ሁሉ ቀድመሽ ወረቀቱን አስረክበሽ ወጥተሻል። 180 ደቂቃ ለ65 ጥያቄ ሲካፈል ለአንዱ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም፤ ከዚህ ላይ አንድ ሙሉ ሰዓት ለማን ሰጥተሽ ነው የወጣሽው? ሰዓቱ ሳያልቅ ወረቀቱን አታስረክቢ።

የተሳሳትሽባቸውን አንድ በአንድ ከመምህርሽ ጋር አየናቸው፤ አባትሽ ዕድሜውን በቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ቢፈጅም የትምህርቱ ነገር ጨርሶ አልጠፋበትም። 3፣ 6፣ 12፣ 24 እያለ ያለ ማብቂያ የሚቀጥለው የጂኦሜትሪክ ሲሪስ ድምሩ ስንት ነው ተብለሽ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር 1 ሲቀነስ 2 ለሚለው አካፍለሽ ኔጌቲቭ 3 የሚለውን መርጠሻል። ልጄ፣ ሦስት ፈረሱላ ቡና በተቀመጠበት መጋዘን ስድስት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት ፈረሱላ እየጨመርሁ ብውል፣ ማታ ላይ የሦስት ፈረሱላ ባለ ዕዳ ሆኜ ቤቴ እገባለሁ? ፎርሙላውን በትክክል አስታውሰሻል፤ የሚሠራው ግን ሬሾው፣ ማለትም ቀጣዩን ለማግኘት እያንዳንዱ ቁጥር የሚባዛበት፣ በኔጌቲቭ 1 እና በ1 መካከል ሲሆን ብቻ ነው። እዚህ ሬሾው 2 ስለ ሆነ ድምሩ ወሰን የለውም፤ እርሱም ከምርጫዎቹ መጨረሻ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ አላነበብሽም።

ሌላው ከዚህ ይብሳል። ኤክስ ኩብ ሲቀነስ 3 ኤክስ የሚለው ፈንክሽን ከ0 እስከ 3 ባለው ክልል ውስጥ ትልቁ ዋጋው ስንት ነው ሲልሽ፣ ዴሪቬቲቩን አውጥተሽ፣ ዜሮ የሚሆንባቸውን 1 እና ኔጌቲቭ 1 አግኝተሽ፣ በኔጌቲቭ 1 ላይ የሚገኘውን 2 መለስሽ። ኔጌቲቭ 1 ከተሰጠሽ ክልል ውጭ መሆኑን አላየሽም፤ ዳርና ዳሩንም አልሞከርሽም፤ 3ን ብታስገቢ 27 ሲቀነስ 9፣ ማለትም 18 ያስገኝልሽ ነበር። ከባዱን ሠርተሽ ቀላሉን ጥለሽ ሮጥሽ። መምህርሽም “ችሎታ አላት፣ ትዕግሥት የላትም” አሉኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ሰማኋቸው፤ ይህን ነገር ከማን እንደ ወረስሽው እርሳቸው አያውቁም፣ እኔ ግን አውቃለሁ።

አያትሽ ታመው ስለ ነበር አባትሽ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ገባ የሚለውን ታሪክ አክስትሽ በየበዓሉ ስታወራው ሰምተሻል፤ እኔም አንድም ቀን አላረምኋትም። አያትሽ መታመማቸው እውነት ነው፤ ትምህርቴን ያስቀረው ግን ሕመማቸው አይደለም። በ1985 ዓ.ም. ማትሪክ ስፈተን በሒሳብ ከክፍላችን የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ይህንንም ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ስለ ፈለግሁ ከሁሉ ቀድሜ ለመውጣት ወስኜ ገባሁ። መካከል ላይ አንድ የሎጋሪዝም ጥያቄ አስቸገረኝና ተመልሼ እሠራዋለሁ ብዬ ዘለልሁት፤ በመልስ መስጫው ወረቀት ላይ ግን ረድፉን አልዘለልሁም። ከዚያ በኋላ ያጠቆርሁት ሁሉ አንድ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ተዛንፎ ሄደ። ስጨርስ ከታች አንድ ባዶ ረድፍ ተርፎ አየሁ፤ በትርፍነት የታተመ ነው ብዬ፣ ግማሽ ሰዓት እየቀረ፣ ደረቴን ነፍቼ አስረክቤ ወጣሁ።

አዌቱ ድልድይ ላይ ቆሜ ጓደኞቼን ስጠብቅ፣ ዝናብ ስለ ነበር ወንዙ ቀልቶ ይወርድ ነበር፤ ያ ባዶ ረድፍ ትዝ ያለኝ እዚያ ነው። እየሮጥሁ ተመለስሁ፤ ነገር ግን የወጣ ተፈታኝ ተመልሶ አይገባም። የጓደኞቼ ጀርባ በመስኮቱ ይታየኝ ነበር፤ ሁሉም ገና አቀርቅረው ይጽፋሉ። ሒሳብ ‘ዲ’ ሆኖ መጣ፤ አባቴም አልጋ ላይ እንዳሉ “በእኔ ምክንያት ነው፣ ልጁን አሳብ ጥዬበት ነው” ብለው አለቀሱ፤ እኔም ዝም አልሁ። ያን ዝምታ ይዤ ቀበርኋቸው። እናትሽም ይህን አታውቅም፤ እኔው ራሴ እስክነግራት ድረስ አደራ፣ አንቺ እንዳትነግሪያት።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ነበሩ፤ ስለዚህ አንዲት የተረሳች ረድፍ እንኳ ዋጋ አላት። አንቺ በኮምፒውተር ሳይሆን በወረቀት ከሚፈተኑት ስለ ሆንሽ በየዐሥሩ ጥያቄ የጥያቄውን ቁጥር ከመልሱ ረድፍ ቁጥር ጋር አመሳክሪ። ማትሪክስና ፕሮባቢሊቲ ስለሚቀናሽ ከእነርሱ ጀምሪ፤ ሊሚትና ኢንቲግራልን ሲረጋጋልሽ ትመጪባቸዋለሽ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍሉን ንቀሽ አትለፊው፣ እርሱም ይጠየቃል። ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ ማባዛቱን በእጅሽ ሥሪው፤ ሁለት እርሳስ፣ ማጥፊያና መቅረጫ በሻንጣሽ የጎን ኪስ አስቀምጬልሻለሁ፤ ስልክሽን እዚሁ ለእኔ ትተሽ ትሄጃለሽ፣ በዚህ ጉዳይ ክርክር የለም። የፈተናው ዕለት ጠዋት ቡና አታብዢ፤ ይህን የምልሽ የጂማ ሰው ሆኜ ነው።

ጎንሽ የተቀመጠችው ልጅ ጨርሳ ብትነሣ ቀና ብለሽ አትያት። ከጨረስሽም ከመጀመሪያው ጀምረሽ ምልክቶቹን ብቻ ተመልከቺ፤ መደመሩን፣ መቀነሱን፣ “ያልሆነው የቱ ነው” የሚለውን። ሰዓቱ ሳያልቅ ወረቀቱን አታስረክቢ።

በመጨረሻው ቀን ዋናው በር ላይ ጃንጥላ ይዤ እጠብቅሻለሁ፤ ከሁሉም ኋላ ብትወጪም እዚያው ነኝ።

አባትሽ