ብር ረከሰ እንጂ ወጪያችን አልረከሰም

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

የብር ምንዛሬ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ የወጪ ምርቶቻችንን በውጭ ገበያ ርካሽና ተፈላጊ ያደርጋቸዋል የሚል ጽሑፍ በቅርቡ አስነብባችኋል። ጽሑፉ ከስሌቱ ግማሹን ትቶታል። ደሴ ተቀምጬ ከባቲ የሰኞ ገበያ የፍየል ቆዳ እየሰበሰብኩ ለፋብሪካ በማስረከብ ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ፣ የቀረውን በማውቀው ልሙላ።

አንድ አገር በዋጋ ተወዳዳሪ የሚሆነው ገንዘቡ ስለረከሰ ብቻ ሳይሆን፣ የዋጋ ንረቱ ከተፎካካሪዎቹ ሲያንስ ወይም የምንዛሬው ለውጥ የንረቱን ልዩነት ሲሸፍን ነው። ለምሳሌ 1,000 ብር የወጣበት ዕቃ ዶላር በ50 ብር ሲመነዘር 20 ዶላር ነው፤ ምንዛሬው 100 ብር ሲገባ ወጪው ባለበት ከቆየ 10 ዶላር ይሆናል፤ ወጪው 2,000 ብር ከደረሰ ግን ተመልሶ ያው 20 ዶላር ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ከተቀነሰ በኋላ የታየው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። እስከ 2016 ዶላር ከ27 ብር ገደማ ወደ 57 ብር ሲወጣ የአገር ውስጥ ዋጋ ከእጥፍ በላይ በመናሩ፣ ብር በባንክ ሰሌዳ ላይ እየረከሰ ዕቃችን ግን ለውጭ ገዢ እየተወደደ ሄደ።

የባቲ ፍየል ቆዳ በውጭ ገዢዎች ዘንድ በስሙ የሚጠራ ነው። ዛሬ ያው ቆዳ በበዓል ማግስት ደጅ ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ይታያል። ጥሬ ዕቃው እንዲህ ከወደቀ ያለቀለት ቆዳ ለምን አይረክስም? የተገፈፈ ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ጨው ካልነካው ይበላሻል፤ ጎተት ሲያደርጉት ፀጉሩ እፍኝ ሙሉ ተነቅሎ ከመጣ ማንም አይረከበውም። ስለዚህ ጨው፣ ጨውን ቆዳው ላይ የሚያሸው የቀን ሠራተኛ ክፍያና የአይሱዙ ጭነት ሁሉም በቆዳው ላይ ያርፋሉ፤ ፋብሪካው ደግሞ ኬሚካሉን የሚያስመጣው በዶላር በመሆኑ የምንዛሬው ለውጥ ራሱ ወጪውን ያንረዋል። በውጭ ገበያ የተቆረጠውን ዋጋ ከፍ ማድረግ ስለማይችል የጨመረበትን ወጪ የሚያካክሰው ለቆዳው ከሚከፍለው ላይ እየቀነሰ ነው። የሰው ሠራሽ ቆዳ መስፋፋት ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ሆኖም የንረቱን ዕዳ በመጨረሻ የሚሸከመው ፍየሉን ያረባው ሰው መሆኑን በየሳምንቱ አያለሁ።

ሌላም ችግር አለ። ውል የሚፈረመው ዛሬ፣ ዕቃው የሚረከበው ከወራት በኋላ ነው። በመካከሉ ጨው ስንት እንደሚገባ ያላወቀ ሻጭ ለመጠባበቂያ ብሎ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፤ ገዢውም ዋጋው በማይዋዥቅበት አገር ያለውን አቅራቢ ይመርጣል። ንረቱ ከፍተኛ ከመሆኑ ይልቅ አለመገመቱ ይበልጥ የሚጎዳን ይመስለኛል።

በመሆኑም በየዕትማችሁ ከምታወጡት የምንዛሬ ሰንጠረዥ ጎን የእኛንና እንደ ኬንያ ያሉ ተፎካካሪዎቻችንን የዋጋ ንረት ልዩነት እንድታስቀምጡልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቆዳ ነጋዴ፣ ከደሴ