ነጻ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሳምንት በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ሊኑክስ ስለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና እና ስለ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) ክፍት ስለሆነ ሶፍትዌር፣ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጉዳዩ መነሳቱ ደስ ብሎኛል። አንድ አረፍተ ነገር ግን ከነከነኝ። «ኦፕን ሶርስ ማለት ባለቤት የሌለው፣ ማንም እንዳሻው የሚወስደው ሶፍትዌር ነው» ይላል። ኮድ በመጻፍ ስተዳደር አስራ አንድ ዓመቴ ነው። እኔም በአንድ ወቅት ልክ እንደዚህ አስብ ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ስካን ሲደረጉ የተጣመሙ ገጾችን የሚያቃና ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ገጹ ስንት ዲግሪ እንደተጣመመ የሚለካው ክፍል አልሆን አለኝ። ስፈልግ ስፈልግ አንድ ሰው ይህንኑ የሚሠራ ኮድ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎ አገኘሁ። ሁለት መቶ መስመር ቢሆን ነው። ግሩም ኮድ ነበር። ገልብጬ ከራሴ ጋር ቀላቀልኩት፣ ፕሮግራሙም ወጣ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከሰውየው ኢሜይል መጣልኝ። ቁጣ የለበትም። «ኮዴ ስለጠቀመሽ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ውሰጂው ብዬ የጻፍኩት ቦታ የለም» ይላል። ፊቴ እሳት ሆነ። ተመልሼ ፎልደሩን አገላበጥኩ። እውነቱን ነው፣ የፈቃድ ፋይል የሚባል ነገር የለም። እኔ የፈቃድ ፋይል ከሌለ የሁሉም ነው ማለት መስሎኝ ነበር። ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። በ1886 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተፈረመውና ኋላም የተሻሻለው የበርን የቅጂ መብት ስምምነት እንደሚለው፣ አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረበት ሰዓት ጀምሮ ነው። መመዝገብ አያስፈልግም፣ ማኅተምም አያስፈልግም። ኮድም እንደ ድርሰት ይቆጠራል። ስለዚህ ባለቤቱ ምንም ካላለ መልሱ «አይቻልም» ነው።

ኮዱን አወጣሁት። ያንን ክፍል ከባዶ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ የእኔው ደግሞ እንደ እሱ ፈጣን አልሆነም። ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩለት፤ ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ፈቃድ ቢያስቀምጥ ብዬም ለመንኩት። ከአንድ ወር በኋላ ኤምአይቲ የሚባለውን ፈቃድ አስገባ። ግማሽ ገጽ የማትሞላ ጽሑፍ ናት። ተጠቀሙ፣ ለውጡ፣ ሽጡ ትላለች፤ ይህን ማስታወቂያና የባለቤቱን ስም ብቻ አታጥፉ። ያው ሁለት መቶ መስመር፣ አንድም ፊደል ሳይቀየር፣ በዚያች ፋይል ምክንያት ነጻ ሆነ።

ነጻ ስል «በነጻ» ማለቴ አይደለም። ቋንቋችን በአንዲት «በ» ስለሚለያቸው ለእኛ ቀላል ሊሆን ይገባ ነበር። በ1985 አካባቢ የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሙን በቴፕ ቀድቶ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሶፍትዌሩ ያን ጊዜም ነጻ ነበር። የገዛው ሰው ኮዱን ማንበብ፣ መቀየር፣ አባዝቶ ለጓደኛው መስጠት ይችል ነበርና። በተቃራኒው ደግሞ ሳንቲም ሳንከፍል የምናወርደው፣ ውስጡን ግን ማየት የማይፈቀድልን ፕሮግራም ሞልቷል። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም መቆለፊያው ያለ ፈቃድ የተሰበረ ሶፍትዌርማ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ክራኩ ቁልፉን ሰበረው እንጂ ለማንም መብት አልሰጠም።

ስቶልማን በ1989 ጂፒኤል የተባለውን ፈቃድ ሲያወጣ የቅጂ መብትን አልጣለውም። ይዞት ሠራበት። «ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ባለቤት እንደመሆኔ የማዘው፣ ይህን ቀይራችሁ የምታሰራጩ ሁሉ ኮዱን ለተቀባዩ እንድትሰጡ ነው» የሚል ነው መንፈሱ። ባለቤትነቱ ባይኖር ይህ ትእዛዝ ከወዴት ይመጣ ነበር? በ2008 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን የመሰለ ጉዳይ አይቷል። ክርክሩ የአሻንጉሊት ባቡር በኮምፒውተር ስለሚቆጣጠር ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ነበር። ተከሳሹ ፋይሎቹን ወስዶ፣ የጸሐፊዎቹን ስም ሳያካትት በሚሸጠው ምርቱ ውስጥ ተጠቀመባቸው። የሥር ፍርድ ቤት ነገሩን አቅልሎ አይቶት ነበር። ይግባኝ ሰሚው ግን የፈቃዱ ግዴታዎች በቅጂ መብት ሕግ የሚከበሩ ናቸው አለ። በነጻ የተሰጠ ሥራም ባለቤት አለው ማለት ነው።

ባቡር ካነሳሁ ዘንድ ስለ «ሃከር»ም ልናገር። ጽሑፋችሁ ቃሉን አራት ጊዜ ጠቅሶታል፣ አራቱንም ጊዜ ሌባ ለማለት። ቃሉ በዛሬው የኮምፒውተር ትርጉሙ የበቀለው ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በአሻንጉሊት ባቡር ክበብ ተማሪዎች መካከል ነው። ከሐዲዱ ሥር ያለውን ሽቦ ፈታትቶ በብልሃት የሚያሠራ ልጅ ሃከር ይባል ነበር። ያ መንፈስ ዛሬም አለ። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ከሰርቨር ጋር ሲገናኝ ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት አየ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ሰው ከቁምነገርም አይቆጥረው። እሱ ግን ለምን ብሎ ተከታተለው። ኤክስዜድ በተባለ ፋይል መጭመቂያ ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር፣ ማለትም ወደ ሰው ኮምፒውተር በስውር የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘ። የደበቀው ሰው ሁለት ዓመት ያህል በትጋት እየሠራ እምነት ሲገነባ የቆየ ነበር። ሁለቱንም ሰዎች በአንድ ቃል መጥራት እጅግ ያሳዝነኛል። ሃከር ሊባል የሚገባው ፍሮይንድ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም ያችን አረፍተ ነገር አርሙልን። ጽሑፋችሁን አንብቦ ያገኘውን ኮድ ሁሉ የሚገለብጥ ጀማሪ እንዳይኖር እሰጋለሁ። ምሳሌ ካስፈለጋችሁ እዚያው የጠቀሳችሁት ሊኑክስ ይበቃል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሲያወጣው የመጀመሪያ ፈቃዱ ገንዘብ ማስከፈልን ይከለክል ነበር። በ1992 ወደ ጂፒኤል ቀየረው፤ መሸጥም ተፈቀደ። ዛሬም የሊኑክስን ኮድ ስታወርዱ፣ ከፊት ለፊት ስለ ፈቃዱ የሚናገር «ኮፒይንግ» የሚል ፋይል ታገኛላችሁ። ጸሐፊያችሁ እሱን ከፍቶ እንዲያነብ ንገሩልኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የዘወትር አንባቢያችሁ