ከከሰል ቁፋሮ በፊት ቦዩና ኩሬው ይቅደሙ፦ ለማዕድን ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ለፈቃድ በሚቀርብላችሁ የከሰል ማዕድን ዕቅድ ውስጥ የጎርፍ ቦይ፣ የደለል ኩሬና የለም አፈር ክምችት በአብዛኛው ተጠቅሰው ይገኛሉ። መቼ እንደሚሠሩ ግን አይጻፍም። ዶዘር መሬቱን ገፎ ከሰሉ ከወጣ በኋላ ኩሬ መቆፈር ቢጀመር፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ደለሉን ወንዝ አድርሶታል። ስለዚህ ቦዩና ኩሬው ተሠርተው በባለሙያ ሳይመረመሩ አንድም ሜትር መሬት እንዳይገፈፍ በፈቃዱ ላይ እንድታሰፍሩ እንጠይቃለን።

ከቁፋሮው በላይ ካለው ተዳፋት የሚወርደው ውሃ በአንጻሩ ንጹሕ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ ግን የሚጣራው ውሃ መጠን በከንቱ ይበዛል። መቀልበሻ ቦዩ ከቁፋሮው ጠርዝ በላይ በለዘብታ ተዳፍቶ ይሠራ፤ ተዳፋቱ ቀጥ በሚልበት ቦታ ደግሞ ድንጋይ ይነጠፍበት። በቦዩ ውስጥ የውሃውን ፍጥነት የሚያበርድ ክትር ሲሠራ መሐሉ ከሁለቱ ጫፎች ዝቅ ማለት አለበት። ይህ ካልሆነ ውሃው ክትሩን በጎን ዞሮ የቦዩን ግድግዳ ይንዳል። የታችኛው ክትር አናትም ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን።

ኩሬውን በተመለከተ ጥልቀትና ይዘት ብቻ እየታየ ይጸድቃል፤ ደለል እንዲዘቅጥ የሚያደርገው ግን በዋናነት የውሃው ገጽ ስፋት ነው። 0.02 ሚሊሜትር የሆነ ቅንጣት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 0.36 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። ስለዚህ በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ለሚገባበት ኩሬ 2,800 ካሬ ሜትር ገጽ ያስፈልጋል፤ ለመግቢያው ንውጽውጽታ 20 በመቶ ሲጨመር 3,300 ይደርሳል። ርዝመቱ ከስፋቱ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ መግቢያና መውጫው ከተቀራረቡ ውሃው ሳያርፍ ያልፋል። ለደለል ከተመደበው ቦታ 60 በመቶው ሲሞላ ይጠረግ፤ ልኩን የሚያሳይ ቀለም የተቀባ ምሰሶም መሐሉ ላይ ይተከል። የሸክላ ቅንጣት ግን በስፋት ብቻ አይያዝም፦ 0.001 ሚሊሜትር የሆነው አንድ ሜትር ለመውረድ 13 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ቅንጣቶቹን በጂፕሰም ወይም በአሉሚኒየም ሰልፌት እርስ በርስ ማጣበቅ ይቻላል፤ አሉሚኒየም ሰልፌቱ ግን ፒኤችን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ሲወርድ ውሃው አሲዳማ ይሆናል) ስለሚያወርድ መጠኑ አስቀድሞ በዚያው ውሃ ናሙና ይሞከር።

ተቆጣጣሪዎቻችሁን አደራ የምንለው ጥርት ያለ ውሃ እንዳያዘናጋቸው ነው። ከሰሉን ያቀፈው ድንጋይ ፓይራይት የተባለ የብረትና የድኝ ማዕድን ካለው፣ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ያመነጫል፤ ብረቱም ሟሙቶ አይታይም። ታች ወርዶ ከሌላ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ነው ድንጋዩን ብርቱካናማ የሚያለብሰው። ስለዚህ ከድፍርስነቱ ጋር ፒኤች ይለካ።

ለም አፈሩ ከሥሩ ካለው አፈር ተለይቶ ይነሣ። አፈሩ በመዳፍ ተሽከርክሮ 3 ሚሊሜትር ክር ከወጣው እርጥብ ነውና ሥራው ይቆይ፤ በዚያ ሁኔታ መኪና ከሄደበት ይጠቀጠቃል። ከ1 ሄክታር 20 ሴንቲሜትር ሲነሣ 2,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ክምሩ ከ2 ሜትር ስለማይበልጥና ጎኑም መለዘብ ስላለበት ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ቦታ ይወስዳል። ይህ በዕቅዱ ካርታ ላይ ካልተከለለ አፈሩ የተገኘበት ጉድጓድ ዳር ተቆልሎ በጎርፍ ይሄዳል። ከፍ ያለ ክምር ደግሞ ውስጡ አየር ያጣል፤ አፈሩን ሕያው የሚያደርጉት ነፍሳትና የሥር ፈንገሶች ይሞታሉ። ክምሩ ላይ ሣርና አተር ነክ ተክል ወዲያው ይዘራ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይከመር በቀጥታ ወደተሞላው መሬት መውሰድ ነው፤ የተሞላው መሬት መጀመሪያ በተዳፋቱ አግድም 50 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ካልተሰነጠቀ ግን የለበሰው አፈር ይንሸራተታል።

በመጨረሻም፣ ምርመራ በደረቅ ቀን ብቻ እንዳይሆን እንጠይቃለን። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ተቆጣጣሪ መጥቶ የኩሬውን መውጫ፣ የክትሮቹን ጫፍና የአፈር ክምሩን እግር ይመልከት፤ ጉድለት ከተገኘም እስኪታረም ድረስ አዲስ መሬት መግፈፍ ይታገድ።

ከአክብሮት ጋር፣
በማዕድን ቦታ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያዎች